የመኖ መፍጫ ፒን ለምን አይጠነክርም? ለአንድ የባሕር ዳር ባለቶርኖ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ አነስተኛ የቶርኖ ቤት አለኝ። ለከብት መኖ መፍጫ ማሽኖች መዶሻዎቹ የሚንጠለጠሉበትን ፒን እሠራለሁ። ባለ 24 ፌሮ ገዝቼ በቶርኖ ወደ 20 ሚሊ ሜትር አወርደዋለሁ፤ ከዚያ በጋዝ ችቦ እስኪቀላ አሙቄ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ እነክረዋለሁ። ሞረድ ግን እንደ ድሮው ይበላዋል፤ ፒኑም በሦስት ሳምንት ውስጥ መዶሻው በሚያርፍበት ቦታ ይቦረቦራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ባሞቀው ጭራሽ ባሰበት። ከባሌስትራ የሠራሁት ጨው ባለበት ውሃ ስነክረው ጠነከረ፤ ነገር ግን ከአራቱ ሁለቱ ተሰነጠቁ። አንድ ጓደኛዬ ውሃው ላይ ዩሪያ ጨምርበት ይላል፤ ሌላው ሳያናይድ ፈልግ ይላል። የላዩን ጥንካሬ ለማሻሻል የትኛውን ልከተል?»

አንዱንም አይከተሉ። ሁለቱም ምክሮች «ምን ውስጥ ልንከረው?» ከሚለው ሐሳብ የመጡ ናቸው፤ ችግሩ ያለው ግን በመንከሪያው ሳይሆን በሚነከረው ብረት ላይ ነው። እሳትና ዘይት ለብረቱ የሚጨምሩለት ነገር የለም፤ የሚሠሩት ሥራ ቀድሞውኑ በውስጡ ያለውን ካርቦን ባለበት አስሮ ማስቀረት ብቻ ነው። ብረቱ በበቂ ሁኔታ ሲግል ካርቦኑ በመላ አካሉ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲበርድ ካርቦኑ ከብረቱ ለመለየት ጊዜ ያገኛል፣ ብረቱም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በድንገት ሲበርድ ግን ካርቦኑ መውጫ ያጣና የብረቱን ውስጣዊ አደረጃጀት ወጥሮ ይይዘዋል። ይህ የተወጠረ አደረጃጀት ማርቴንሳይት ይባላል፤ ሞረድን የሚያንሸራትተውም እሱ ነው። ምን ያህል እንደሚጠነክር የሚወስነው በዋናነት የካርቦኑ መጠን ነው። 0.2 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ፍጹም በሆነ መንገድ ቢነከር እንኳ ሮክዌል ሲ በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ከ45 እምብዛም አያልፍም፤ 0.4 በመቶ ያለው 57 ገደማ፣ 0.6 በመቶ ያለው ደግሞ 64 ገደማ ይደርሳል። የሚሞርዱበት ሞረድ ራሱ ከ60 በላይ ስለሆነ፣ ለስላሳ ብረት ምን ውስጥ ቢነከር በሞረድ መበላቱ አይቀርም።

ፌሮ የሚሠራው ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ መጎተትን እንዲችል እንጂ እንዲፋተግ አይደለም። በቀላሉ እንዲታጠፍ ስለሚፈለግም ካርቦኑ ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል። ካርቦኑ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ብረቱን ለማጠንከር የሚያስፈልገው የማቀዝቀዝ ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል፤ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ለስላሳ ብረት ዘይት ይህን ፍጥነት ፈጽሞ አይሰጥም። ስለዚህ ከዘይቱ ያወጡት ፒን ጠቆረ እንጂ አልጠነከረም።

ስለ ፌሮ ብዙ ባለቶርኖዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በዛሬው ጊዜ የሚመረተው አብዛኛው ፌሮ ከማሽኑ ትኩስ ሆኖ ሲወጣ ውሃ ይረጭበታል፤ የላዩ ቆዳ ወዲያው ይጠነክራል፣ ከልቡ የሚመጣው ሙቀት ደግሞ መልሶ ያለዝበዋል። አንድ ቁራጭ ፌሮ በመጋዝ ቆርጠው ፊቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት እስኪመስል ቢያሹትና በአልኮል የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ በጥጥ ቢነኩት፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ዙሪያውን እንደ ብርቱካን ልጣጭ የከበበ ጠቆር ያለ ቀለበት ብቅ ይላል፤ መሐሉ ግን ነጣ እንዳለ ይቀራል። ባለ 24ቱን ወደ 20 ሲያወርዱት ከየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ይነሣል፤ ይህ ማለት ያንን ቀለበት ሙሉ በሙሉ ወይም አብዛኛውን ፍቅፋቂ አድርገው ቶርኖው ሥር ጠርገው ይጥሉታል ማለት ነው። የተረፈ ካለም ችቦው ያለሰልሰዋል። ቀለበቱ ቢቀርም ለመፋተግ የሚበቃ ጥንካሬ ስለሌለው ብዙ አይቆጭም፤ የሚያሳየው ግን ፌሮ ለዚህ ሥራ ከጥሬ ዕቃነቱ ጀምሮ የተሳሳተ ምርጫ መሆኑን ነው።

ደጋግመው ማሞቅዎ ነገሩን ያባባሰበት ምክንያትም ግልጽ ነው። አየር የሚያገኘው የጋለ ብረት ቅርፊት ያወጣል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቆዳ ደግሞ የነበረውን ጥቂት ካርቦን ለአየሩ አስረክቦ ከልቡም የባሰ ለስላሳ ይሆናል። የብረቱ ቅንጣትም ባልተገባ ሙቀት እያደገ ስለሚሄድ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ የሞቀ ፌሮ ለስላሳ ቆዳና ሻካራ ቅንጣት ይዞ ይቀራል፤ ከሁለቱም የሚጠቅም ነገር የለም።

ባሌስትራው የተሰነጠቀው ከዚህ በተቃራኒው ነው። የባሌስትራ ብረት ከ0.55 እስከ 0.65 በመቶ ካርቦን አለው፤ በዚያ ላይ ሲሊከን ወይም ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ስለሚጨመርበት በዘይት ቀዝቅዞም እስከ ልቡ ድረስ ይጠነክራል። ጨው ያለበት ውሃ ግን በጋለው ብረት ዙሪያ የሚፈጠረውን የእንፋሎት ሽፋን ወዲያው እየበጣጠሰ ከተራ ውሃ እንኳ በፈጠነ ሁኔታ ያቀዘቅዛል። የላዩ ቆዳ ጠንክሮ ከተቋጨ በኋላ ልቡ ዘግይቶ ወደ ማርቴንሳይት ሲለወጥ ያብጣል፤ የጠነከረው ቆዳ መለጠጥ ስለማይችል ይተረተራል። ባሌስትራ በዘይት እንጂ በውሃ፣ ያውም በጨው ውሃ፣ አይነከርም።

ስለ ውሃ ካነሣን አይቀር፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት የእንፋሎቱ ሽፋን በዝቅተኛ ቦታ ካለው ትንሽ ይበረታል። ልዩነቱ ከጣና በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አይታይም፤ አሥር ፒን ተከታትሎ ገብቶበት የሞቀ በርሜል ውስጥ ግን አሥራ አንደኛው ፒን ላይ ለስላሳ ነጠብጣብ ትቶ ይወጣል። ውሃው እጅ ሲነከርበት ለብ ማለት ከጀመረ ይለውጡት።

አሁን ያልተሰነጠቁት ሁለቱ የባሌስትራ ፒኖች ወዳሉበት ልምጣ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈሩኝ እነሱ ናቸውና። ተነክረው ሳይለዘቡ፣ ማለትም ድርቀታቸው እንዲቀንስ በመጠነኛ ሙቀት መልሰው ሳይሞቁ፣ ማሽን ላይ ከገቡ ዛሬውኑ ያስወጧቸው። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር፣ ከመዶሻ ጫፍ እስከ መዶሻ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መፍጫ የመዶሻ ጫፉ ፍጥነት በሰከንድ 63 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 226 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝንና ክብደቱ ከመሐሉ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚዞር አንድ መዶሻ በዚህ ፍጥነት ፒኑን የሚጎትተው 750 ኪሎ ግራም ክብደት የተንጠለጠለበት ያህል ነው። እንደ ብርጭቆ የደረቀ ፒን በዚህ ጫና ሥር ሲሰበር መዶሻዎቹ ላሜራውን ቀደው ይወጣሉ፤ መኖ የሚያስገባው ሰው ደግሞ የሚቆመው ፊት ለፊታቸው ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። የማይቧጨረውንም፣ የማይጣመመውንም፣ የማይሰበረውንም አንድ ላይ «ጠንካራ» እንላለን፤ በብረት ሥራ ግን እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ፒንዎ ቆዳው የማይቧጨር፣ ልቡ ደግሞ የማይሰበር መሆን አለበት። ይህን ከአንድ ወጥ ብረት በመንከር ብቻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ለዚህም ነው የላይኛውን ቆዳ ብቻ የማጠንከር ጥበብ ያስፈለገው።

ዩሪያን በተመለከተ፣ ናይትሮጅን የብረትን ቆዳ ያጠነክራል የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ናይትሮጅን ወደ ብረት የሚገባው በብዙ ሰዓት ነው፤ ፒኑ ውሃ ውስጥ እየበረደ የሚቆየው ግን ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከማዳበሪያው የሚያገኘው ሽታውን ብቻ ነው። የጋለ ብረት ላይ ያረፈ ዩሪያ አሞኒያና ሌላም ጎጂ ጭስ ስለሚያወጣ ለሳንባም አይበጅም። ሳያናይድ በአንጻሩ በርግጥ ይሠራል፤ የቀለጠ የሳያናይድ ጨው ለረጅም ዘመን በፋብሪካ ያገለገለውም ስለሚሠራ ነው። ነገር ግን ከአሲድ ጋር ሲገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ እርጥበት የነካው ፒን የቀለጠው ጨው ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፤ እጣቢውም መርዝ ነው። ከአባይ ማዶ ቦይ የወጣ ውሃ የት እንደሚደርስ ለእርስዎ አልነግርዎትም። መንደርተኛ በሚኖርበት የቶርኖ ቤት ሳያናይድ ለምንም ዓይነት ጥንካሬ ሲባል መግባት የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የተቃጠለውን የሞተር ዘይትም ይተዉት፦ ጭሱ ጤና ይጎዳል፣ ውስጡ የገባው ውሃ ደግሞ ድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ዘይቱን ከበርሜሉ ይገፈትረዋል።

የቀሩትን አማራጮች ባጭሩ ላንሣ። በአሞኒያ ናይትሮጅን ማብላት ከ500 እስከ 550 ዲግሪ ላይ ለብዙ አሥር ሰዓታት የሚካሄድ፣ ጥብቅ ምድጃና እንደ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ያለበትን ልዩ ብረት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ለእርስዎ ቤት አይሆንም። ጠንካራ ኤሌክትሮድ መበየድ ለመዶሻዎቹ ጫፍ ጥሩ ነው፤ ለክብ ፒን ግን ያጣምማል፣ ሸካራም ያደርጋል። ሦስተኛው በችቦ ነበልባል ቆዳን ማጠንከር ነው፤ ይህ የሚሆነው 0.45 በመቶ ገደማ ካርቦን ባለው፣ በገበያ ሲ 45 በሚባለው ብረት ላይ ነው። ፒኑን ቶርኖ ላይ እያዞሩ ቆዳው ብቻ ሲግል ወዲያው ውሃ መርጨት ነው። ያገለገለ የመኪና አክስልም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ክፍል ነው፤ ላዩ ቀድሞ የጠነከረ ስለሚሆን ከመቶረኑ በፊት አግሎ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ማብረድ ያስፈልጋል። የዚህ ዘዴ ድክመት 20 ሚሊ ሜትር ቀጭን መሆኑ ነው፤ እጅ ትንሽ ከዘገየ ሙቀቱ ልብ ድረስ ይዘልቅና ፒኑ በሙሉ ይደርቃል። ለወፍራም ዘንግ እመርጠዋለሁ፣ ለእርስዎ ፒን ግን ሁለተኛ ምርጫዬ ነው።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ለስላሳ ብረት ወስዶ ቆዳውን ካርቦን ማብላት ነው፤ በሣጥን ውስጥ፣ በከሰል። ዘዴው አሮጌ ነው፤ ቀንድና ሰኮና ከብረት ጋር በጭቃ ጠቅልለው የሚያግሉ ቀጥቃጮች ይሠሩት የነበረውም ከዚሁ የተለየ አይደለም። አንድ የተለመደ ስሕተት ግን አስቀድሜ ላርም፦ ካርቦኑ ወደ ብረቱ የሚገባው ከሰሉ ስለሚነካው አይደለም። በታሸገው ሣጥን ውስጥ የቀረው ጥቂት አየር ከከሰሉ ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ የጋለውን ብረት ሲያገኝ ካርቦኑን ለብረቱ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ከሰሉ መልሶ ይሞላዋል፣ ዑደቱም ይቀጥላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጋዙ እንደ ልብ የሚዘዋወርበት ደረቅ፣ ከባቄላ ያልበለጠ ስብርባሪ ከሰል ነው፤ ዱቄቱ ተነፍቶ ይውጣ። ሳሙና ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ሶዳ አሽ በክብደት ለአሥር እጅ ከሰል አንድ እጅ ቢቀላቅሉ ጋዙ ቶሎ ይፈጠራል። በመጻሕፍት ላይ ለዚሁ ሥራ የሚጠቀሰው ባሪየም ካርቦኔት መርዛማ ስለሆነ አልመክረውም።

ሣጥኑን ከ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ቱቦ ይሥሩ፤ ዚንክ የተቀባ ቱቦ ግን አይሁን፣ ጭሱ ያሳምማል። ፒኖቹን ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው፤ በጎናቸው ከተኙ በዚያ ሙቀት በራሳቸው ክብደት ይጎብጣሉ። በፒንና በፒን መካከል፣ እንዲሁም በፒንና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ከሰል ይኑር። የመቆለፊያ ቀዳዳውንና ጥርስ የወጣበትን ጫፍ በጭቃ ይድፈኑት፤ እዚያ ካርቦን ከገባ በኋላ ይሰነጠቃል። ክዳኑን ያለ ብየዳ ገጥመው በሸክላ ጭቃ ይምረጉት፤ ጭቃው አየር እየከለከለ የበዛውን ጋዝ ያስተነፍሳል፣ የተበየደ ክዳን ግን ሣጥኑን ቦምብ ያደርገዋል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ስለሆነ ምድጃው ደጅ ይሁን፤ በዝናብ ጊዜ ቤት ውስጥ ላስገባው አይበሉ።

ሙቀቱ ከ900 እስከ 925 ዲግሪ ይሁን። በዓይን መገመት እዚህ ላይ አይበቃም፤ ጥላ ሥር ብርቱካንማ የሚመስለው ብረት በባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ጥቁር ቀይ ይመስላል፣ ሰውዬውም ሳያውቀው ከሚፈለገው ሙቀት በ100 ዲግሪ ያልፋል። ማግኔት 770 ዲግሪ አካባቢ መያዙን ስለሚተው ለነከራ ይረዳል፣ ለዚህ ግን አይደርስም። ኬ የሚባለውን ዓይነት ቴርሞካፕል (ምድጃ ውስጥ የሚገባ የሙቀት መለኪያ) ከነማሳያው ይግዙ፤ ከሚጠፋው ፒን ዋጋ ይረክሳል። ሌላው ብዙዎች የሚስቱት ጉዳይ ሰዓት መቁጠር የሚጀመርበት ጊዜ ነው፦ ከሰል ሙቀት የሚያስተላልፈው በዝግታ ስለሆነ ሣጥኑ በውጭ ከቀላ በኋላም መሐሉ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በክዳኑ ቀዳዳዎች አድርገው አራት አምስት ቀጭን የለስላሳ ብረት ዘንጎች እስከ መሐሉ ያስገቡና ዙሪያቸውን በጭቃ ይድፈኑ። አንዱን ስበው ሲያዩት ጫፉ ከሣጥኑ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ካለው መቁጠር ይጀምሩ።

በ925 ዲግሪ ካርቦኑ በአንድ ሰዓት ወደ 0.6፣ በአራት ሰዓት ወደ 1.3፣ በዘጠኝ ሰዓት ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል፤ በሣጥን ሲሠራ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ፦ ጥልቀቱን እጥፍ ለማድረግ ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ «ሌሊቱን ሙሉ ባሳድረው ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ከሰል ከመፍጀቱም በላይ ቆዳውን ከመጠን በላይ ካርቦን ያጠግበዋል፤ ከ0.9 በመቶ ያለፈ ካርቦን በቅንጣቶቹ ዙሪያ እንደ መረብ ተጋግሮ ቆዳውን ያፈረፍረዋል። ለ20 ሚሊ ሜትር ፒን 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት በቂ ስለሆነ አራት ሰዓት ይበቃል። በመጨረሻው ሰዓት ሌላውን መሞከሪያ ዘንግ ስበው በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይንከሩትና በጉጠት ሰብረው ይዩት፤ ስብራቱ ዙሪያውን እንደ ሐር የደቀቀና ግራጫ፣ መሐሉ ግን የተጎተተ የሚመስል ከሆነ የቀለበቱን ውፍረት በማስመሪያ መለካት ይቻላል።

ፒኖቹን ከዚህ በቀጥታ አይንከሯቸው። ሣጥኑ እንደታሸገ ይብረድ፤ ቅንጣቱ በረጅሙ ሙቀት አድጓልና። በማግሥቱ ወደ 780 ወይም 800 ዲግሪ እንደገና ያግሏቸው፤ ቆዳው አሁን ከ0.8 በመቶ የማያንስ ካርቦን ስላለው በዚህ ሙቀት ይጠነክራል፣ ቅንጣቱም ይታደሳል። በሚያገሉበት ጊዜ የወናፍ አየር ፒኑን በቀጥታ አይምታው፤ አራት ሰዓት የደከሙበትን ካርቦን በአሥር ደቂቃ ያቃጥለዋልና። ከዚያ በጫፉ ይዘው ቁልቁል ቀጥ አድርገው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት እንጂ ወደ ጎን አያማስሉት፣ ወደ ጎን ከተማሰለ አንዱ ጎን ቀድሞ ይበርድና ይጎብጣል። ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ያለበት 20 ማንጋኒዝ ክሮም 5 የሚባል ብረት ካገኙ በዘይት ይነከራል፤ መጉበጡም እጅግ ያነሰ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ የሞቀ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ብረት ቢያንስ 8 ሊትር የሚደርስ ይሁን። ሞቅ ያለ ዘይት ከቀዝቃዛው ይልቅ ስለሚቀጥን ፈጥኖ ያቀዘቅዛል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያምነው።

ከነከራው በኋላ ማለዘቡ ግዴታ ነው፣ ያውም ወዲያውኑ። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ምሽት ስምንት ፒን ነክሬ፣ ሞረድ ሲንሸራተትባቸው አይቼ ደስ ብሎኝ፣ «ጠዋት አለዝባቸዋለሁ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሄድኩ። ዘበኛው ሌሊት ብርጭቆ የተሰበረ መስሎት ተነሥቶ እንደነበር በማግሥቱ ነገረኝ። ሦስቱ ማንም ሳይነካቸው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቀው አገኘኋቸው፤ በውስጣቸው የታመቀው ውጥረት ሌሊቱን አልጠበቀም። ፒኑ እጅ የሚችለው ያህል ከበረደ በኋላ በ150 እና 180 ዲግሪ መካከል ለሁለት ሰዓት ያቆዩት። የዳቦ መጋገሪያ ኦቨን ይህን በደንብ ይሠራል። የእንጀራ ምጣድ ግን መሐሉና ዳሩ እኩል ስለማይሞቅ አይሆንም። ከማለዘብዎ በፊት አንዱን ፒን በብርጭቆ ወረቀት ያብሩት፤ ገለባ የመሰለ ብጫ ቀለም ካወጣ ከ200 ዲግሪ አልፈዋል፣ ጥንካሬውም መቀነስ ጀምሯል ማለት ነው። በትክክል ከሄደ ቆዳው ከ58 እስከ 62 ሮክዌል ሲ ይሆናል፤ አዲስ ሞረድ በጫፉ ሲነካ እንደ ብርጭቆ ይንሸራተታል።

ይህ ዘዴ ገደብም አለው። 1 ሚሊ ሜትሩ ቆዳ ካለቀ ሥሩ ለስላሳ ስለሆነ ፒኑ ይጣላል እንጂ እንደገና አይቶረንም። ከጠነከረ በኋላ አይበየድም፣ የጎበጠውም በመዶሻ አይቃናም፤ ቆዳው ሳይታይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቶርኖው ልኩን አጠናቆ ከሣጥን በፊት መጨረስ አለበት። የመዶሻ ፒን ልል ሆኖ ስለሚገጠም በኋላ መፈግፈግ አያስፈልገውም፤ ከተፈገፈገም ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየፈሰሰበት እንጂ በደረቁ አይሁን። ጥሬ ዕቃውን በተመለከተ ፌሮውን ትተው ጎድን የሌለው ለስላሳ ክብ ዘንግ ይግዙ፤ ፌሮ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት ሊቀልጥ ስለሚችል ውስጡ ያለው ነገር ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው ይለያያል። የገዙትን በግራይንደር ይፈትኑት፦ ለስላሳው ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፉ ያነሰ ብልጭታ ሲያወጣ፣ ካርቦን የበዛበት ግን አጠር ብሎ እንደ ኮከብ የሚፈነዳ ብልጭታ ያወጣል። አንድ ቁራጭ ባሌስትራ አጠገብዎ ይኑር፣ ለማነጻጸሪያ።

ፒኑ በሦስት ሳምንት መቦርቦሩ ደግሞ ሁሉም የጥንካሬ ጥፋት ነው ብዬ አልቀበልም። መዶሻዎቹን በሚዛን ይመዝኗቸው፤ ትይዩ የሆኑት ጥንዶች በጥቂት ግራም ካልተቀራረቡ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ፒኑንም ኩሽኔታውንም አንድ ላይ ይጨርሳል። ከአውድማ የመጣ በቆሎና ገለባ አፈር ይዞ ስለሚመጣ፣ አፈሩም ከጠነከረው ቆዳ ጋር የሚወዳደር አሸዋ ስላለው፣ ሳይነፋ የሚፈጭ መኖ የትኛውንም ፒን ይበላል። የመዶሻው ቀዳዳ ተበልቶ ከልኩ በላይ ከሰፋ መዶሻውም ይለወጥ፤ አዲስ ፒን በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ሲመታ ነው የሚውለው።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። የባሌስትራ ፒኖቹን ከማሽን ያውጡ፣ ዩሪያውንም ሳያናይዱንም ይርሱ፣ ቴርሞካፕል እስኪገዙ ድረስ ምንም ፒን አያግሉ። ከዚያ ከለስላሳ ክብ ዘንግ ስድስት ፒን ብቻ ቶርነው በ925 ዲግሪ ለአራት ሰዓት ካርቦን ያብሏቸው፣ በ790 ይንከሯቸው፣ በዚያው ቀን በ170 ያለዝቧቸው። ከስድስቱ አንዱን ሞርሳ ላይ አስረው ለመስበር በመዶሻ ይምቱት፤ ቆዳው ቢሰነጠቅም ልቡ ተጣምሞ ካልተሰበረ አምስቱን ይግጠሙ፣ እንደ ሸክላ ከተሰበረ ግን የሣጥኑን ሰዓት ወደ ሦስት ቀንሰው ከመጀመሪያው ይድገሙት።